በጎጆዋ ፍሬን ውስጥ የጨመርኩት

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ መካኒክ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታምራት ቁልፍ ሰጡኝና «ያቺን ቢጫ መኪና ፈትሽ፤ ነገ መንገድ ትወጣለች» አሉኝ። ሄጄ የጎኗን በር ከፈትኩ። ውስጡ አልጋ ተነጥፏል። መጋረጃ ተሰቅሏል። ከአልጋው ትይዩ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ከነቧንቧው፣ ከጎኑም ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ አለ። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ሳላንኳኳ የሰው ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት የሠራሁት በጭነት መኪና ላይ ነበር። እዚያ መጀመሪያ የሚያስተምሩህ ውሃና ዘይት ማየት ነው። ዘይቱን አየሁ፣ ደህና ነው። ራዲያተሩን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። በኋላ ከጎኗ ክዳን ያላት ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁና «እዚህ ደብቀውታል» ብዬ፣ ዕቃ ከምናጥብበት በርሜል ቀድቼ ሁለት ባልዲ ውሃ ሞላሁባት። በራሴም ኮራሁ።

ትንሽ ቆይቶ ከመኪናዋ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው የሸበተ ሰውዬ እጅጌያቸውን እንደ ሰበሰቡ ወጡ። ለሶላት ሊታጠቡ ቧንቧውን ሲከፍቱ ግራሶ የተቀላቀለበት ጥቁር ውሃ ወርዶባቸዋል። ሹፌሩ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። እኔ ባልዲውን እንደ ያዝኩ ነኝ። ባልዲውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ።

«ስማ ልጄ፣ ይቺ መኪና ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። አንተ የሞላኸው እኛ የምንጠጣበትን ጋን ነው። ውሃ ያለ ቦታው ጨመርክ» አሉኝ።

መኪናዋን ሰው ሁሉ «ጎጆዋ» ነው የሚላት። አገር ለማየት የመጡ ባልና ሚስት ፈረንጆች ነበሩ ይዘዋት የመጡት። ለውጡ ሲመጣ ጥለዋት ሄዱ፣ መንግሥት ወረሳት። እኔ ስደርስ አርጅታ ነበር። ወለሏ ዝጓል፣ ከፍ የሚለው የጣሪያዋ ሸራ ሦስት ቦታ ተጥፏል። ግን እንደ እሷ የሚሆን መኪና አልነበረም። በጋ ሲገባ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ የክትባት ቡድኑ ማደሪያ ወደሌለበት አገር ሁሉ ይዟት ይወጣል። ነርሷ ሲስተር ዘነበች ውስጥ ትተኛለች። ጋሽ ሰይድና ድሬሰር የምንለው የጤና ረዳቱ ሙላቱ ከጎኗ ድንኳን ይተክላሉ። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ከአልጋው ሥር ይቀመጣል።

የእኔ ሥራ ይቺን አሮጊት በጋውን ሙሉ ማቆም ነበር። ማቆም ስል በእግሯ ማቆም ማለቴ ነው። ከየጉዞው በፊት ቫልቮቹን እለካለሁ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቼ በሽቦ ብሩሽ እጠርጋለሁ፣ የአየር ማጣሪያውን አራግፋለሁ፣ የማራገቢያውን ቺንጊያ በአውራ ጣቴ ተጭኜ እፈትሻለሁ። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ነውና ቺንጊያው ከተበጠሰ አለቀላት። ከዚያ «ለጉዞ ብቁ ናት» የሚለው ወረቀት ላይ እፈርማለሁ። ያለ እኔ ፊርማ ከግቢ አትወጣም። ደረጃዬ ዝቅተኛ ቢሆንም ያቺ ፊርማ ትልቅ ሰው ታደርገኝ ነበር።

የደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ ሌላ ጠላት ነው። ጋሽ ሰይድ ማታ ባትሪዋን ፈትተው፣ በወፍራም የሱፍ ባና ጠቅልለው ቤታቸው ይወስዷታል። ባለቤታቸው «ለእኔ ባና የለም፣ ለባትሪው አለ» ብለው ይከሱኝ ነበር፤ እኔ የመከርኳቸው ይመስል። ጠዋት እንደ ሕፃን ታቅፈዋት ይመጣሉ። እኔ አስራታለሁ፣ እሳቸው ቢስሚላህ ብለው ያስነሷታል።

አንድ ጊዜ ወደ ለሚ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የነዳጅ መስጫዋ ሽቦ ተበጠሰ። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሽቦው ከሹፌሩ እግር ተነሥቶ የመኪናዋን ቁመት ሙሉ ይሄዳል፤ መለዋወጫ የለም። ጋሽ ሰይድ ከካርቡራቶሩ ላይ ሲባጎ አስረው በኋላ መስኮት አስገቡና ጫፉን ለሲስተር ሰጧት። እሳቸው ከፊት «ሳቢ!» ሲሉ ትስባለች፣ «ልቀቂ!» ሲሉ ትለቃለች። እንዲህ እየተጯጯሁ ደብረ ብርሃን ገቡ። ሲስተር ድምፅዋ ተዘግቶ ሦስት ቀን በምልክት ስታወራ ከረመች። እኔ ስሰማ አፌን ያዝኩ። ጋሽ ሰይድ ግን የሆነውን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ሲባጎው የታሰረበትን ቦታ ሳይቀር አሳዩኝ። ሹፌር ለመካኒክ ሁሉን መናገር አለበት ብለው ነው የሚያምኑት። መካኒክስ ለሹፌር? ያንን አንስተነው አናውቅም።

ስለ ጋሽ ሰይድ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የአልዩ አምባ ሰው ናቸው። አባታቸው፣ አያታቸው እዚያው ነጋዴ ነበሩ። አረቄ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አረቄ ከሚወጣበት ቤት ውሃ እንኳ አይቀበሉም። ሹፌር ሁሉ ጠጪ ነው በሚባልበት ዘመን «ሰይድ አይጠጣም» በሚለው ስማቸው ከመንጃ ፈቃዳቸው በላይ ይኮሩ ነበር።

ጥር ላይ አልዩ አምባ ኩፍኝ ገባ ተባለ። ሕፃናት መሞት ጀምረዋል። ጓድ ታምራት ከሰዓት በኋላ ጋራዡ መጥተው «ጎጆዋ ነገ ጠዋት ትወጣለች። አትችልም የሚል ቃል ከማንም አልሰማም» አሉ። እኔ ያን ሰዓት የኋላ ጎማዋን አውርጄ የፍሬኗን ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚይዘውን ላስቲክ፣ እየቀየርኩ ነበር። ጎሚኒው ተገኝቷል። የፍሬን ዘይት ግን አፍስሼዋለሁ፤ የሚተካ የለም። ዕቃ ግምጃ ቤት ጠየቅሁ፣ የለም። ከተማውን ዞርኩ፣ የለም። ያኔ የሌለው ነገር ብዙ ነበር።

«ጓድ፣ የፍሬን ዘይት የለም» አልኳቸው።

«የለም ብለህ ትፈርማለህ? ሕፃናት እየሞቱ መኪና ያስቀረ ሰው ስሙ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። አሻጥረኛ ነው የሚባለው። ያ ቃል ከተለጠፈብህ የምትሄድበትን ማንም አያውቅም። ከማስፈራሪያውም በላይ የሕፃናቱ ነገር እውነት ነበር።

በጭነት መኪና ሥራ ዘመኔ ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ የተማርኩት ዘዴ ነበረኝ። ዘይት ሲጠፋ ሳሙና በውሃ አሟሙተህ በፍሬኑ ቱቦ ትሞላለህ። ፍሬኑ እንደ አዲስ ይይዛል። ለጥቂት ቀን ያገለግላል። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ አሰብኩ። ጥር ነው፣ ውርጭ ነው፣ ውሃው ቱቦው ውስጥ ቢረጋስ? ስለዚህ የማይረጋ ነገር ልጨምርበት ብዬ ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ገዛሁና ከሳሙናው ውሃ ጋር ቀላቀልኩት። አየሩን አስወጣሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። ድንጋይ ሆነ። ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞርኩባት፣ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ።

ለጋሽ ሰይድ አልነገርኳቸውም። አንደኛ፣ ፍሬን ውስጥ ውሃ አለ ብላቸው አይነዷትም። ሁለተኛ፣ አፈርኩ። በመጀመሪያ ቀኔ ውሃ ያለ ቦታው የጨመርኩ ሰው፣ አሁን ደግሞ ከነአረቄው ጨመርኩ ብዬ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ? ሲመለሱ ዘይት እቀይራለሁ፣ ማንም አያውቅም አልኩ። ጠዋት መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ፍሬኗ እንዴት ናት?» አሉኝ። «እንደ አዲስ» አልኳቸው። ያቺ መልሴ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች።

ከወጡ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ከአንኮበር ስልክ ተደወለ። ጓድ ታምራት ከቢሮ ወጥተው «ጎጆዋ ተጋጨች፤ አልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ» አሉ። «ሰው አልሞተም» አሉ ሳልጠይቃቸው። በጭነት መኪና ተጫንን፤ እሳቸው፣ እኔ፣ ከአብዮት ጥበቃ የመጣ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው። መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው ፍሬን የሚበጥሰው? ግቢ ውስጥ ይዞ አልነበር?

ስንደርስ ጎጆዋ አፍንጫዋን ጋራው ውስጥ ቀብራ ቆማለች። በግራዋ ገደል ነው። ጋሽ ሰይድ ፍሬኑ ሲከዳቸው መሪውን ወደ ጋራው ጠምዝዘው አላትመዋታል። ሲስተር ዘነበች ክንዷ ተሰብሮ ታስሮላታል። ሙላቱ ግንባሩ ተልጧል። የአልዩ አምባ ሰዎች በቅሎ ይዘው ወጥተው የክትባት ሣጥኑን አውርደውታል፤ ሙላቱም ሕፃናቱን ጠዋት መውጋት ጀምሯል።

የጠመንጃው ሰውዬ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠ። ጠንካራ ነው። እንደገና ረገጠ። «ፍሬኑ ይሠራል!» አለ ወደ ታች እየጮኸ። እኔ ገርሞኝ ራሴ ገብቼ ረገጥኩ። እውነትም ይሠራል። ከዚያ አፍንጫዬን አንድ ሽታ መታው። የፍሬን ዘይት መያዣዋ ከመሪው ሥር፣ ከሹፌሩ ጉልበት አጠገብ ነው። ክዳኗ ተፈናጥሯል፣ ወለሉና ወንበሩ ረጥቦ ደርቋል። አረቄ ይሸታል።

እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁሉም ነገር ገባኝ። በረጅሙ ቁልቁለት ፍሬኑ ግሏል። ዘይት ቢሆን ይችለው ነበር። ውሃ ግን ይፈላል፣ አረቄ ደግሞ ከውሃ ቀድሞ ይፈላል። ቱቦው ውስጥ ያለው ሁሉ እንፋሎት ሆነ፣ ፔዳሉ ወለል ነካ። ሲያድር በረደ፣ መልሶ ያዘ። እኔ ለደብረ ብርሃን ብርድ አስቤ ነበር። ለአልዩ አምባ ቁልቁለት አላሰብኩም።

ጋሽ ሰይድ ከቁልቁለቱ ሥር ባለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው ከጉልበቱ በታች ነጭ የሳሙና እድፍ አለበት። ዙሪያቸውን የገዛ አገራቸው ሰዎች ቆመዋል፤ የአጎታቸው ልጆች፣ አብረዋቸው የሰገዱ ሽማግሌዎች። ከእሳቸው ራቅ ብለው ነው የቆሙት። አንድ ሽማግሌ «ያ ረቢ፣ ሰይድም?» ሲሉ ሰማሁ።

ጓድ ታምራት «ፍሬኑ ይሠራል። አንተ አረቄ አረቄ ትሸታለህ። ምን ትላለህ?» አሏቸው።

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት እያዩ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ያልጠጡትን ጠጣሁ አላሉም፤ አልጠጣሁም ብለውም አልተከራከሩም። የጠመንጃው ሰውዬ «ጻፍ፣ አምኗል» አለ። ሲስተር ዘነበች «ኧረ ጋሽ ሰይድ አይጠጡም! እኔ አብሬያቸው ነበርኩ!» ብላ ጮኸች። «ታዲያ ሽታው ከየት መጣ?» አላት።

መልሱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ዝም አልኩ። ጸሐፊው ወረቀት አውጥቶ፣ ስም ጽፎ፣ ዕድሜ ጠይቆ እስኪጨርስ ዝም አልኩ። አሻጥር የምትለዋን ቃል አሰብኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጸሐፊው «ሃይማኖት?» ሲል ጋሽ ሰይድ «እስላም» አሉ፤ ከኋላ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ያን ጊዜ የሳቀው ሰው እኔን የመታኝ ያህል ተሰማኝ።

«አረቄውን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። ጓድ ታምራት «ምን?» አሉ። ደግሜ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ወዳጁን ሊያድን ነው ተባለ። ስለዚህ ቁልፌን ይዤ ሽቅብ ወደ መኪናዋ ሄድኩ፤ እነሱም ተከተሉኝ። የኋላ ጎማዋ ሥር ተኝቼ የአየር ማውጫዋን ብሎን ፈታሁ። «ሲስተር፣ ፔዳሉን በእግርሽ ርገጭልኝ» አልኳት፤ በደህና እጇ በሩን ተደግፋ ረገጠች። በጣሳ የሳሙና አረፋ ያለበት ውሃ ወረደ። ጣሳውን ለዚያ «ሰይድም?» ላሉት ሽማግሌ ሰጠኋቸው። አሸተቱና ፊታቸውን አዞሩ።

«ሱሪያቸው ላይ የፈሰሰው ይሄ ነው። እሳቸው አያውቁም፣ አልነገርኳቸውም። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ጣሳውን መሬት ላይ ደፉና ሄደው የጋሽ ሰይድን ትከሻ ያዙ። «አውፍ በለን፣ ይቅር በለን» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ጋሽ ሰይድ ግን እኔን ነው የሚያዩት። ወደ እኔ መጡ። ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ደምሴ፣ ሁለተኛ ጊዜህ ነው ውሃ ያለ ቦታው ስትጨምር» አሉ። ከዚያ ወደ ጓድ ታምራት ዞሩ። «እኔም ጥፋቴ ነው ያልኩት በውሸት አይደለም። ቤንዚኑ በኩፖን ነው፣ ለመመለሻ አይበቃንም ነበር። ማርሹን አውጥቼ ፎሌ አድርጌ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ለቀቅኋት። ሞተር ሳይዛት ቁልቁለቱን ሙሉ በፍሬን ብቻ ነው የወረድኩት። ፍሬኑን ያቃጠልኩት እኔ መስሎኝ ነበር። ለእሱም አልነገርኩት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምወርደው።»

የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚወርዱትም እንዲሁ ነበር ማለት ነው። ፍሬኗ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚያልቅ በጋውን ሙሉ ግራ ሲገባኝ የኖረው በዚህ ነው። ሁሉን ይነግሩኛል ያልኳቸው ሰውዬ ይቺን አንዲቷን አልነገሩኝም። ምናልባት አፍረው ይሆናል፤ ቤንዚን ለማትረፍ ፎሌ መልቀቅ የጀማሪ ሥራ ነው ይባላልና። እሳቸው የእኔን ቢያውቁ ማርሽ አስገብተው ይወርዱ ነበር። እኔ የእሳቸውን ባውቅ ያንን ውሃ አልጨምርም ነበር። ሁለታችንም ለመኪናዋ አስበን፣ ሦስት ሰው ገደል አፋፍ አድርሰናል።

ጋሽ ሰይድ የአንድ ወር ደመወዝ ተቀጡ። እኔ ታሰርኩ። ጓድ ታምራት አሻጥር የሚለውን ቃል አላስጻፉም፤ «ቸልተኝነት» አስባሉት። ዘይት የለም ማለቴን ያስታውሱ ነበርና ይሆናል። ያቺ ቃል መለወጧ ሕይወቴን አተረፈችው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ወር ተኩል ተቀመጥኩ።

በታሰርኩ በስምንተኛው ቀን «ጠያቂ አለህ» ተባልኩ። ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው፤ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ናቸው። በክንዳቸው ሥር አንድ ጥቅል ይዘዋል፤ ያቺ የባትሪዋ ባና ናት። «ባትሪው ቤት ውስጥ ነው፣ አይበርደውም። አንተ ግን ሲሚንቶ ላይ ነው የምትተኛ» አሉኝ። አለቀስኩ። እሳቸው ዞር ብለው አጥሩን ሲያዩ ቆዩ።

«ጋሼ፣ ስምዎን አጠፋሁት» አልኳቸው።

«አጥፍተኸው መልሰኸዋል። ሰው ፊት ነው ያጠፋኸው፣ ሰው ፊት ነው የመለስከው» አሉ። ቀጥለው «አሁን ተስተካከልን ማለት ግን አይደለም። የሲስተር ክንድ ገና አልጠነከረም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሲስተር ዘነበች እስከ ጡረታዋ ድረስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ክንዷን ትይዝ ነበር። ሳገኛት ሁሉ የማየው ክንዷን ነው።

ስፈታ ወደ ሥራ መለሱኝ፤ መካኒክ እንደ ፍሬን ዘይቱ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። ጎጆዋ ፊቷ ተቃንቶ፣ ዘይትም ተገኝቶላት ቆማለች። ጋሽ ሰይድ ባትሪዋን ታቅፈው መጡ። ቁልፉን ከመቀበላቸው በፊት ቆም አሉ።

«ምን ጨመርክባት?»

«ዘይት ብቻ። ጣሳው ይኸው።» አሸተቱት። ከዚያ እኔ በተራዬ «ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚወርዱት?» አልኳቸው።

«በሁለተኛ ማርሽ» አሉ።

ጎጆዋ ሞተሯ እስኪያበቃ ድረስ አምስት በጋ አብረን ሠራን፤ አንድ ቀን እንኳ ይህንን ሳንጠያየቅ አልወጣችም። ሌሎቹ ሹፌሮች ሲስቁብን ኖሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን ከችኮላዬ በላይ የጎዳኝ ዝምታዬ ነው።

በኋላ አሥራ አንድ መካኒክ አሠልጥኛለሁ። ፍሬን፣ ሞተር፣ ካምቢዮ ከእኔ የተሻሉ አሉ። ለሁሉም መጨረሻ ላይ የነገርኳቸው አንድ ነው። መኪናዋ ላይ ያደረግኸውን ሁሉ ለሚነዳት ሰው ንገረው። የምታፍርበትን አስቀድመህ ንገረው።